በልተሽ አንብቢ

እማ፣ ከሄድሽ ዓመት ሞላ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትሽን አወጣን። እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን የተቀመጥኩት ደህንነትሽን ልጠይቅ አይደለም። ልቆጣሽ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ እናት አትጠገብም» እያለ እንዳለቅስለት ሲጠብቅ፣ እኔ በሆዴ ስናደድብሽ ከረምኩ። ይህን ካንቺ ሌላ ለማን እነግረዋለሁ?

በፊት የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ትሸጪበት የነበረውን ቦታ እህትሽ የሺ ይዛዋለች። ሾፌሮቹ «የእህትሽ ይሻል ነበር» እያሉ ያበሽቋታል። እውነታቸውን ነው፤ ሽንብራውንና ሱፉን ትሰስታለች። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። የጉና ብርድ ዘንድሮ በርትቷል፤ እኔ ላይ ደግሞ የሚመክተው ሥጋ ስለሌለ አጥንቴ ድረስ ይገባል።

በእሱ ነው ልቆጣሽ የመጣሁት።

ሕመሙ ሲጀምረኝ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከየት እንደመጣብኝ እስካሁን በደንብ አላውቅም። ምግብ ሲቀርብ ሳልነካው እገፋዋለሁ። ያልበላሁ ቀን ያሸነፍኩ ይመስለኛል፤ የበላሁ ቀን ራሴን እጠላለሁ። አንቺ ይህን በዓይንሽ አይተሻል። ጎረቤት «ልጅሽ ምን ነካት?» ብሎ ሲጠይቅሽ ግን ምን አልሽ? «ልጄ ጾመኛ ናት።»

በአንዲት ቃል ከደንሽኝ። ሑዳዴ ሲሆን ማንም አይጠይቅም። ሑዳዴው ቢያልፍ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ጽጌ አለ፣ የነቢያት አለ። እኛ አገር መብላት ያልፈለገ ሰው ሰበብ አያጣም። ሰው በልቷታል እንዳይሉኝ፣ ክፉ በሽታ ይዟታል ብለው እንዳይሸሹኝ ፈርተሽ ነው። ይገባኛል። ይገባኛል ማለት ግን ይቅር ብዬሻለሁ ማለት አይደለም። ሴቶቹ «አንችስ ጻድቅ ወልደሻል!» ሲሉሽ ፈገግ ትዪ ነበር። ያቺን ፈገግታሽን ጠላኋት። ቅዳሴ መሀል ራሴን ስቼ የወደቅሁ ዕለት እንኳ «መንፈስ ነክቷት ነው» ተባለ፤ አንቺም ዝም አልሽ። ረሃብ ነው የነካኝ፣ እማ። ታውቂ ነበር።

ማወቅሽን በምን አወቅሁ? በመጽሐፌ። ለቆሎ መጠቅለያ በኪሎ የምትገዢው የአሮጌ ወረቀት ክምር የኔ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ሳትጠቀልዪበት በፊት እየመዘዝኩ አነባለሁ፤ የፈተና ወረቀት፣ የእርሻ መመሪያ፣ ቀኑ ያለፈበት የሰርግ ጥሪ፣ ምንም ይሁን። ሳነብ ጭንቅላቴ ውስጥ «አትብዪ፣ አትብዪ» የሚለው ድምፅ ዝም ይላል። ሌላ ቦታ ዝም ብሎልኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ከክምሩ ውስጥ ሽፋን የሌለው ወፍራም ልብ ወለድ አገኘሁና ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀዳደሽው ጠበቅሽኝ። ቅጠል በቅጠል ቀደሽ፣ በእያንዳንዷ እፍኝ ቆሎ ጠቅልለሽ፣ ሙዳዩን ሞልተሽዋል።

«በልተሽ አንብቢ» አልሽኝ። «ሳትበይ ብትከፍቺው ግን ወዮልሽ!»

እንደዚያ ቀን ጮኼብሽ አላውቅም። መጽሐፍ ይቀደዳል? አንቺ ግን ክንድሽን አጣጥፈሽ ቆምሽ። ፊደል ስላልቆጠርሽ ደግሞ ከየትም ከየትም እያነሳሽ ነበር የጠቀለልሽው፤ መጨረሻው መሀል፣ መሀሉ መጀመሪያ ሆኖ አረፈው። በአንዱ ጥቅል ባለታሪኩ ሰውዬ ሞተና ተቀበረ፤ በሚቀጥለው ጥቅል ሙሽራ ሆኖ ሲጨፍር አገኘሁት። ሳቄ አመለጠኝ። ስስቅ ቆሎው አፌ ውስጥ ነበርና ዋጥኩት። «ምን ይላል?» ብለሽ ከማዕድ ቤት ጠየቅሽኝ። «የሞተው ሰውዬ ተነሥቶ ሚስት አገባ» ብልሽ «እልልል! እንዲያ ነው እንጂ!» አልሽ።

ከዚያ ወዲህ ክፉ ቀኔን እያየሽ ከሙዳዩ አንዳንድ ታወጪልኝ ነበር። ቤት ውስጥ ታስታምሚኛለሽ፤ ደጅ ስትወጪ ታጸድቂኛለሽ። ሐኪም ቤት ግን አንድም ቀን አልወሰድሽኝም። ከዚያ አንድ ማለዳ ደረቴን ብለሽ ተኛሽ፤ ጥቅሎቹ ሳያልቁ ሞትሽ። ማን ሙቺ አለሽ?

ሙዳዩን አልነካሁትም። እሱ ሲያልቅ አንቺም የምታልቂ መሰለኝ። ሌላ እህልም እየራቀኝ ሄደ፤ በመጨረሻ ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት ሳላርፍ መውጣት አቃተኝ።

እሑድ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ነፍስ አባትሽ ጸሎቱን አድርሰው እንደተቀመጡ፣ የሺ እጄን ይዛ አስነሣችኝ። «ይችን ልጅ እዩልኝ! ለእናቷ ነፍስ ብላ ዓመቱን ሙሉ እህል ሳትቀምስ! እንዲህ ያለ ጾመኛ የት ይገኛል?» ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ ያ ፈገግታሽ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ።

«ጾሜ አላውቅም» አልኩ። «መብላት የሚከለክል ሕመም አለብኝ። እናቴም ታውቅ ነበር።»

የሺ በነጠላዋ አፏን ያዘች። አባ ወደ እኔ ዞረው «የታመመ ሰው ጾሙ መብላት ነው፣ ልጄ» አሉኝ። እሳቸውም ላይ ተናደድኩ። ያን ቃል ይህን ሁሉ ዓመት የት አስቀምጠውት ነው? ጠየቅኳቸው። «መቼ ነገራችሁኝ?» አሉ። ያልነገርሻቸው አንቺ ነሽ፣ እማ።

ሰኞ ሙዳዩን ከፈትኩት። የቀሩት ጥቂት ጥቅሎች ናቸው፤ ቆሎውን ነቀዝ ጨርሶታል። ነቀዙ እንኳ እንደኔ አልተግደረደረም። ለዶሮዎቹ በተንኩትና አዲስ ገብስ ቆላሁ፤ ግማሹን አሳረርኩት። የሺ ከአጠገቤ ቆማ «አማስይው እንጂ! እናትሽ ይህንም አላስተማረችሽ?» ስትል ቆየች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ በነዚያው ገጾች አብራኝ ጠቀለለች። ዛሬ አብረን ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ሄደን ነበር። ሐኪሟ ሕመሙ ስም እንዳለው ነገረችኝ፤ ጾመኛ አይባልም። እየተመላለስኩ እታከማለሁ። ድኛለሁ አልልሽም። ስንመለስ ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ሰው ለመጫን ሲቆም አንዱን ጥቅል ከቦርሳዬ አወጣሁ። «አትብዪ» የሚለው ድምፅ አልተወኝም። ቆሎውን አንድ በአንድ፣ አሮጊት እንደምትበላው፣ እያለቀስኩም እየተሳደብኩም ጨረስኩት። የሰደብኩት አንቺን ነው።

ንዴቴ አልበረደም። ሲበርድም እንደማልረሳሽ ቃሌ ነው፤ ጾመኛ ናት ያለኝን ሁሉ አይደለሁም እያልኩ፣ ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር በልቼ እያነበብኩ አስታውስሻለሁ። እንዳዘዝሽኝ እፍኟን ሳልጨርስ ወረቀቷን አልዘረጋሁም። ስዘረጋት የመጀመሪያዋ ገጽ ሆና አገኘኋት። ሰውየው ዛሬ ተወለደ፣ እማ። እልል በይ።