ከሴንት ባርት ለተላለፈው የዝምታ ትእዛዝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ አምሐ
የቸር ያሰማን መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር
ኦክላንድ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ፣ በተለይም የአፍንጫዎ ቆዳ መላጡን አቁሞ እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ከሳን ሆዜ እስከ ኤል ሴሪቶ ያለን አባላት፣ ፀሐይ በልኩ የምትወጣልን ሰዎች፣ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ልጽፈው አስቤ ነበር። ነገር ግን በዕድራችን አንድን ነገር በቀጥታ ለባለቤቱ መንገር እንደሚያስቀጣ ከላኩልኝ ማስጠንቀቂያ ስለተረዳሁ፣ አስቀድሜ ለአገር ምድሩ ነግሬ ባለቤቱን መጨረሻ ላይ ማድረጉን መርጫለሁ።

ለማያውቁ አንባቢያን ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። እርስዎ ባለፈው ወር ከባለቤትዎና በኮምፒዩተር ሥራ ከተሳካለት አማችዎ ጋር ሴንት ባርት ወደምትባል ደሴት ለዕረፍት ሄዱ። ደሴቲቱ በካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች፣ በፈረንሳይ ባንዲራ ሥር የምትተዳደር፣ ሀብታም ከሌላ ሀብታም የሚሸሸግባት ቁራሽ መሬት ናት። እዚህ አሜሪካ የምንሳፈርበት ባቡር ስሙ ባርት ስለሆነ፣ ስሟን የሰሙ አንዳንድ አባሎቻችን አዲስ የባቡር ጣቢያ መስሏቸው፣ ከዳብሊን ጣቢያ ሲነሡ በስንተኛው ፌርማታ እንደሚወረድ ጠይቀው ነበር። እርስዎ እዚያ ሳሉ ከደሴ ስልክ ተደወለልዎ። የደወለችው ብሩክታዊት ናት። አባቷ አቶ ተገኘ፣ የዕድራችን አባል የወይዘሮ ብርነሽ ታላቅ ወንድም፣ ሐኪም ቤት ተኝተው ሕመሙ ጠንቶባቸዋል። የእህታቸውን ድምፅ ለመስማት ይጠይቃሉ። ልጅቷ አክስቷ በሰው አገር ብቻዋን ሆና ክፉ ወሬ እንዳትሰማ አስባ፣ እንደ ወጋችን፣ አደራውን ለሽማግሌ ሰጠች። ሽማግሌው ደግሞ ለምክትሉ ለአቶ አሞጽ ደውሎ፣ እኔ እስክመለስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ብሎ ወደ ባሕሩ ተመለሰ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ደንባችን አመሰግናለሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት እህታችን የእናቷን ሞት ሥራ ቦታ፣ ስልኩ በስፒከር እንደተከፈተ፣ ደንበኛ ተሰልፎ እያያት ሰማች። ከዚያ ወዲህ መርዶም ሆነ ከባድ ሕመም በማለዳ፣ ሽማግሎች ቤት ድረስ ሄደው ይንገሩ ተባለ። በዚህ አንቀጽ የሚጣላ ጤነኛ ሰው የለም። «በሊቀመንበሩ መሪነት» የምትለዋን ሐረግ በኋላ ሲጨምሩባት ያጨበጨብነውም እኛው ነን፤ ምሳ ቀርቦ ስለነበር። ሞት የሊቀመንበሩን የአውሮፕላን ትኬት አይቶ ቀጠሮ እንዲይዝ የሚገደድባት ሐረግ መሆኗን ግን፣ የዋህ ስለሆንን፣ አላስተዋልንም።

ሁለተኛ፤ ስላካፈሉን ፎቶግራፎች አመሰግናለሁ። ኔትወርኩ አስቸጋሪ ስለነበር ወይዘሮ ብርነሽ ጋር ለመደወል አልቻልኩም ያሉትን አምኜ ተቀብያለሁ። በዚያው አስቸጋሪ ኔትወርክ ቀይ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች፣ ወደቡን የሞሉት ቅንጡ ጀልባዎች፣ ሳህን ላይ የተጋደመው ክንድ የሚያህል የባሕር ሎብስተር፣ ከነፍርፋሪው ክሩዋሳንና ነጭ ሱሪዎን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ውኃ ውስጥ የቆሙበት ምስል ወደ ዕድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ያለ ችግር ደርሰዋል። «ቦንዡር ቤተሰብ፣ የጌታ ሥራ ድንቅ ነው» የሚለው ጽሑፍም ደርሷል። ከሁላችን ቀድመው የመለሱልዎ ወይዘሮ ብርነሽ እንደነበሩ ያስታውሱ ይሆናል። እሰይ ጋሼ፣ ይገባዎታል፣ ለእኛም ይጸልዩልን ብለው ነበር። እርስዎም ቀይ ልብ ላኩላቸው። ወንድማቸው እያጣጣሩ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ምንም ለማያውቁት እህት ጣቱን አንሥቶ ልብ ሲልክ የሚሰማው ስሜት ምን እንደሚመስል ቢጽፉልን ለትውልድ ትምህርት ይሆናል።

ሦስተኛ፤ አባላቱ ምስጢር እንድንጠብቅ ስላሠለጠኑን። አቶ አሞጽ ማንም እንዳይናገር ለማስጠንቀቅ ሲሉ ለሁሉም ነገሩ። ከዚያ በኋላ ኢስት ቤይ በሚባለው በኦክላንድ አካባቢ ሁሉ የማያውቁት ወይዘሮ ብርነሽ ብቻ ሆኑ። እሑድ ቸርች ሲገቡ ሴቶቹ እያቀፉ አልለቅ አሏቸው። ከእሳቸው ጋር ስለ ወንበር ተኮራርፋ የነበረችው ፀዲ ትሪ ሙሉ ምግብ ይዛ ቤታቸው መጣች፤ ለምን እንደመጣች ስትጠየቅ፣ እንዲሁ ናፍቀሽኝ ነው አለች። ለትልቅ ሰው ከስልኩ ቀና ብሎ የማያውቀው የእሷ ልጅ ብሩኪ እንኳ የመኪናቸውን ዘይት ቀይሮ፣ «ኢትስ ኦኬ፣ አንቲ» ብሎ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ደሴ ሲደውሉ ደግሞ፣ ቤተሰቡ የእርስዎን ማለዳ እየጠበቀ ስለነበር፣ ወንድምዎ ገጠር ወርደዋል፣ ኔትወርክ የለም ይሏቸዋል። ኔትወርክ የሚባለው ነገር በዚያ ሰሞን ስንት ሰው እንደተሸከመ ይገርመኛል።

ወይዘሮ ብርነሽ ሞኝ አይደሉም። ቀደም ባለው ሳምንት የደም ምርመራ ሰጥተው ነበር። ከአምልኮ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ወደ ጎን ሳብ አድርገውኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ናዖድ፣ በእናትህ እውነቱን ንገረኝ፤ ሐኪሙ ለእናንተ ነግሮ ለእኔ የደበቀኝ ነገር አለ? ልሞት ነው እንዴ?» አሉኝ። ክቡርነትዎ ከአደጋ የጠበቋቸው እህታችን በዚያ ሰሞን የራሳቸውን ቀብር እያሰቡ ይተኙ ነበር።

አራተኛ፤ የተከሰስኩበትን ጥፋት ስላስጻፉልኝ። ተቀብያለሁ፤ እንዲያውም ጎደሎ ስለሆነ ልሙላው። በማግስቱ ኤል ሴሪቶ፣ ወይዘሮ ብርነሽ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት የሚንከባከቡበት ቤት ሄድኩ። ማለዳ አልነበረም፤ ከምሳ በኋላ ነበር። ሽማግሌም ጋቢም አልያዝኩም። ደጃፉ ላይ ካለው ደረጃ አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ ወንድማቸው ታመው እንደሚጠይቋቸው ነገርኳቸው። መጀመሪያ ያሉት፣ «የምሞተው እኔ አይደለሁም ማለት ነው?» ነው። ወዲያው ባሉት ነገር አፈሩና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ።

ብሩክታዊት ስልኩን ከአባቷ ጆሮ አስጠጋች። አቶ ተገኘ ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ ቢሆንም የእህታቸውን ስም ጠርተው አንድ ነገር ጠየቁ፦ «ምን አስቆየሽ?»

ወይዘሮ ብርነሽ ዘወር ብለው እኔን አዩኝ። ሞት አፋፍ ላይ ላለ የደሴ ሰው፣ እህትህ የዘገየችው በፈረንሳይ ደሴት የሚዋኝ ሊቀመንበር ስላለን ነው ብሎ ማስረዳት ከአማርኛዬ አቅም በላይ ነው። «መጣሁ፣ ጋሼ፣ ይኸው መጣሁ» እያሉ አባበሏቸው። አሮጊቷ ሴትዮ በመስኮት አይተው ሥራ አላዘዟቸውም፤ የዕድራችን ደንብ ስላልደረሳቸው ይሆናል። ወንድምና እህት እስኪደክማቸው አወሩ። አቶ ተገኘ በማግስቱ አረፉ።

የሚቀጥለውን ቁጥር ለመስጠት እጄ እምቢ ስላለኝ እንዲሁ እጽፈዋለሁ። እርስዎ የተመለሱት እኛ ሐዘን ላይ ከተቀመጥን በኋላ ነው። አቶ አሞጽ ሴትዮዋ ሁሉንም እንዳወቁ፣ ወንድማቸውም እንደተቀበሩ ነገሩዎት። እርስዎ ደንብ ደንብ ነው አሉ። በማለዳ ሽማግሎቹን ጋቢ አልብሰው ኦክላንድ ወዳለው የወይዘሮ ብርነሽ አፓርትመንት መጡ። ጥቁር የለበሱትን፣ ዓይናቸው ያበጠውን ሴት ሶፋ ላይ አስቀምጠው፣ ጉሮሮዎን ጠርገው፣ የሰው ልጅ በዚህ ምድር እንግዳ ነው ብለው ጀመሩና የአቶ ተገኘን ሞት እንደ አዲስ አረዷቸው። አቶ አሞጽ ጫማቸውን ሲያዩ ነበር። እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ፣ አንድ ሰው ሌላውን ሁለት ጊዜ ሊገድለው እንደሚችል ተማርኩ።

ወይዘሮ ብርነሽ እስከ መጨረሻው ሰሙዎት። ሲጨርሱ፣ «ጋሼ፣ እኔ አልቅሼ ወጥቶልኛል። እርስዎ ግን ፀሐይ መትቶዎታል፤ ውኃ ይጠጡ» ብለው ቀዱልዎ። ጠጡ። ቃለ ጉባኤውም ላይ መርዶው በደንቡ መሠረት በሰላም ተነግሯል ተብሎ ተመዘገበ።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያዎ ልመለስ። በመጪው ቅዳሜ ሳን ሆዜ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ሊቀመንበሩን ቀድሜ በመናገሬ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ አለዚያ ከዕድሩ እንደምሰረዝ ጽፈውልኛል። እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። ከዕድር የተሰረዘ ሰው ቀባሪ የለውም። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ በእርስዎ ሊቀመንበርነት ተቀብሬም ቢሆን፣ ዘመዶቼ የሚሰሙት የዕረፍት ጊዜዎ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ድንጋጤዬ ለቀቀኝ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ወይዘሮ ብርነሽም ይመጣሉ፤ የፊት ወንበር እንዲያዝላቸው ለአቶ አሞጽ ነግሬያለሁ፣ እሳቸውም እሺ ብለዋል። በአጀንዳው ላይ አንድ ነገር ብቻ እንዲጨመርልኝ እለምናለሁ። አቶ ተገኘ ለእህታቸው ያቀረቡት ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም። እህትየው መልሱን አያውቁትም፤ ያን ሰሞን ሁሉ ሥራ ውለው ቤታቸው ሲያድሩ ነበር። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ተነሥተው፣ ፊታቸውን እያዩ፣ ምን እንዳስቆያቸው በአማርኛ ይንገሯቸው። ከዚያ በኋላ እኔ በፈለጉት ቋንቋ፣ በፈረንሳይኛም ጭምር፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዓለም አጫጭር ማኮብኮቢያዎች አንዱ ሴንት ባርት ላይ እንደሚገኝ ሰምቻለሁና፣ ቀሪው የሥልጣን ዘመንዎም ያንኑ ያህል ርዝመት እንዲኖረው ከልቤ የምመኝልዎ፣

ለጊዜው አባል የሆንኩት ታዛዥዎ
ናዖድ
ሳን ሆዜ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደሴቲቱን በሚገባ እንደጎበኙ ባልጠራጠርም፣ አስጎብኚዎ ሳይነግርዎት የቀረ ነገር ያለ ይመስለኛል። ኮሎምቦስ በአጠገቧ ሲያልፍ ስም ያወጣላት በወንድሙ በበርተሎሜዎስ ነው ይባላል። ሰውየው በማያውቀው ባሕር መካከል፣ ስልክ በሌለበት ዘመን፣ አንዲት ደሴት ቢያይ ትዝ ያለው ወንድሙ ነበር። በቀረው ነገር ሁሉ ስለ ደግነቱ የሚመሰክርለት ሰው ብዙም አላገኘሁም፤ በዚህ አንድ ነገር ግን እርስዎን ይበልጣል።