በጋሼ ካሜራ ጳጉሜን የለችም

ሰኞ

ለአንድ ሙሉ ሰፈር ፎቶ ስም ማውጣት ክርስትና እንደማስነሳት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚነጫነጩት ሕፃናቱ ሳይሆኑ ሽማግሌዎቹ መሆናቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ጋሼ መኮንን፣ ከእኛው ጋር የሚኖሩት የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። በ2009 ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከጊዮርጊስ እስከ ውቤ በረሃ ያለውን መንገድ በር በበር አንስተዋል። ያኔ ሰው ሁሉ “መኮንን ምን ነካው፣ ግድግዳ ያነሳል” እያለ ስቆባቸው ነበር። አሁን ግድግዳው አብዛኛው ፈርሷል፤ የሳቁትም ሰዎች ከሰፈር ሄደዋል። እዚህ ቀርታ የምትስቅባቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ ኃላፊነቱ ከባድ ነው።

የእኔ ሥራ፦ ፎቶዎቹን ማንም ሰው በነጻ አይቶ በነጻ የሚወስድበት የኢንተርኔት ማኅደር ውስጥ ማስገባት። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቦታውንና መግለጫውን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ሁሉንም በጅምላ እጭናለሁ። ደመወዜ ማኪያቶ ነው።

ዛሬ ላፕቶፑን ይዤ ካፌ ሄድኩ። ጋሼ ከጓደኛቸው ከጋሽ ፈለቀ ጋር እየጠበቁኝ ነበር። ጋሽ ፈለቀ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ፒያሳ ውስጥ ያላንኳኩት በር የለም ይላሉ። ችግሩ ማን እንደከፈተላቸው አያስታውሱም። አንዱን አረንጓዴ በር ጋሼ የልብስ ሰፊ ቤት ነበር አሉ፣ ጋሽ ፈለቀ ጠጅ ቤት ነበር አሉ። ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ “አረንጓዴ በር” ብዬ ጻፍኩና ሁለቱም ተቀየሙኝ።

ከዚያ የጋሽ ሸምሱ ሱቅ መጣ። ጋሽ ሸምሱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸው ነበር፤ ስኳር ሲመዝኑ እንኳ ቀልድ ጣል ሳያደርጉ አይውሉም ነበር። ካሜራ ግን አይወዱም። አሁን እሳቸውም የሉም፣ ሱቁም የለም። ፎቶው ላይ ደጃፋቸው ቆመው ቀኝ እጃቸውን ወደ ካሜራው ዘርግተዋል፤ አፋቸው ተከፍቷል።

ጋሽ ፈለቀ “አታንሳኝ” እያሉት ነው አሉ። ጋሼ ወዲያው ተስማሙ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሲስማሙ ሳይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። “ፎቶ መነሳት እምቢ ያሉ ባለ ሱቅ” ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ያለው ፎቶ ሰማይ ብቻ ነው። ያውም ያዘነበለ ሰማይ፣ አንድ የመብራት ሽቦ አለበት። ተሳስቶ የተነሳ ስለመሰለኝ ጋሼን ላጥፋው ወይ አልኳቸው። “እሱ ጥበብ ነው፣ አይገባሽም” አሉና ጉልበታቸውን አሻሹ። (ጉልበታቸው በወጣትነታቸው ኳስ ሲጫወቱ የተጎዳ ነው። ጎሉ በየዓመቱ ይጨምራል።) “ሰማይ፣ ፒያሳ” ብዬ አለፍኩ።

ማክሰኞ

የዛሬ ድሎች፦
መብራት አልጠፋም።
ኔትወርክ ሁለቴ ብቻ ነው የሄደው።
ወንድሜ ላፕቶፑን በፊልም ጢም አድርጎ ስለሞላው ፎቶዎቹን መገልበጫ ቦታ አልነበረኝም፤ ቀጥታ ከካሜራው ካርድ ጫንኳቸው። ሠራ።
ፎቶዎቹ የተነሱበትን ቀንና ሰዓት ካሜራው ራሱ መዝግቦታል፣ ማኅደሩም ራሱ አነበበው። እኔ ምንም አልነካሁም። እንዲህ ያለ ካሜራ ይባረክ።

ሁሉም ገባ። በጋሼ ስም ነው፣ ያነሱት እሳቸው ናቸውና። ጋሼ የራሳቸውን ስም ስክሪን ላይ ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ወዲያው ለእትዬ ዘይነባ ደወሉላቸው። የጋሽ ሸምሱ ባለቤት ናቸው፤ ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ ገላን ነው የሚኖሩት። ስልኩ ላይ ድምፃቸው ለእኔም ይሰማል። የባላቸው ፎቶ የሚባል ያላቸው የመታወቂያው ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ሰው የገደለ ይመስላል አሉ። እሁድ እመጣለሁ፣ አሳትሙልኝ አሉ። ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው “ጣጣ የለውም” አሉ።

ረቡዕ

ጋሼ ካርዱን አጥፍተውታል።

ሙሉውን። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ሁሉም ገብቷል አላልሽም ወይ አሉኝ። እዚያ ካለ እዚህ ምን ይሠራል፣ ቦታ ያስፈልገኝ ነበር አሉ። ቦታው ያስፈለገው ለእድራቸው ስብሰባ ነው። የሰብሳቢውን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቪዲዮ ቀርጸው ካርዱን ሞልተውታል። አየሁት። ሰውዬው ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር ነው የሚያወሩት፤ ከኋላ ሦስት ሰው ተኝቷል።

ደግነቱ ማኅደሩ ላይ አለ። እማዬ ለምን ፊትሽ ገረጣ አለችኝ። ምንም አልኳት።

ሐሙስ

ማኅደሩ ላይ የለም።

ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ የሸምሱን ፎቶ ላወርድ ገጹን ከፈትኩ። ባዶ። ሁሉም ተነስቷል፤ አረንጓዴው በር፣ ሰማዩ፣ ሁሉም። ከማኅደሩ ፈታሾች አንዱ ምክንያቱን ጽፎልኛል። ፎቶዎቹ 2009 ተነሱ ይላሉ፤ አትክልት ተራ ላይ የተነሳው ግን ከበስተኋላው የከተማው ባቡር አለበት፣ በ2009 ደግሞ ባቡሩ አልነበረም። ሌላም አለ። ፀሐይ ግድግዳው ላይ ቦግ ብላ እያለች ሰዓቱ ገና ያልነጋ ሌሊት ነው ይላል። ስለዚህ ቀኑ የተቀባባ፣ ፎቶውም ከሌላ ሰው የተወሰደ ይመስላል። ባለቤቱ የሚያስረዳው ካለ ያስረዳ፣ ይመለሳል።

የጋሼን ፊት አየሁ። ለአንዲት ደቂቃ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አጎቴ የሰው ፎቶ ሰርቀው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በ2009 ባቡሩ እንዴት አልነበረም? ተሳፍሬበታለሁ እኮ። የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርሜን ለብሼ።

ለእትዬ ዘይነባ ደውለው ይንገሯቸው አልኩ። ጋሼ ነገ አሉ።

ዓርብ

ገባኝ። ክፍል ውስጥ፣ የታሪክ መምህሩ የሆነ ዓመት ጽፈው ጎኑ “እ.ኤ.አ.” ሲጨምሩ። ቦርሳዬን ይዤ እየሮጥኩ ቤት መጣሁና ካሜራውን ከፈትኩ።

ዓመቱ የኛ ዓመት ነው። ወሩም የኛ ወር፣ ሰዓቱም የኛ ሰዓት። ጋሼ ካሜራውን የገዙ ዕለት ቀንና ሰዓቱን የሞሉት በሐበሻ አቆጣጠር ነው! ጠዋት ሦስት ሰዓት ያነሱትን ካሜራው “ሦስት ሰዓት” ብሎ መዘገበ፤ ፈታሹ ሲያነበው ዶሮ ያልጮኸበት ሌሊት ሆነበት። ዓመቱም እንደዚሁ። እኔ ደግሞ ሁሉንም በጅምላ አሳልፌ ሰጠሁት።

ጋሼን ካሜራውን ለምን በኛ አቆጣጠር ሞሉት አልኳቸው።

“ታዲያ የማንን ልሙላ?”

ግን ካሜራው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ጳጉሜን ላይ ምን ያደርጋሉ?

“ጳጉሜን ላይ አላነሳም።”

የጥቅምት መጨረሻስ? የፈረንጅ ሁለተኛ ወር እኮ ሃያ ስምንት ላይ ያልቃል። እነዚያን ቀኖችም ያርፋሉ። ካሜራ የሠራው ሰውዬ ስህተት የእኔ ስህተት አይደለም አሉ። እኔ ደግሞ ጋሼ በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ካሜራቸውን ሰቅለው ጠበል ሲሄዱ ለነፍሳቸው ነው ብዬ ሳደንቅ ኖሬያለሁ። እማዬ እንኳ ለጎረቤት ስትመሰክርላቸው ሰምቻለሁ።

ለፈታሹ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ጻፍኩለት። ማስረጃ እንዲሆን ሳሎን የተሰቀለውን የግድግዳ ካላንደር በዚያው ካሜራ አነሳሁት፤ የኛም የፈረንጁም ቀን ጎን ለጎን ታትሞበታል። ካሜራው የመዘገበው ቀን ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ይየው። ካርዱ ላይ ቦታ ለማግኘት የእድሩን ንግግር አጠፋሁ። ጋሼ አላወቁም። እዚህ ማስታወሻ ላይ ብቻ ይቅር።

ቅዳሜ

መልስ መጣ። ፈታሹ ሰው ነው ለካ። አሥራ ሦስት ወር ያለው አገር እንዳለ አላውቅም ነበር ይላል፤ ይቅርታም ጠይቋል። ፎቶዎቹን የመመለስ ሥልጣን ላለው ባልደረባው አስተላልፎታል። መቼ እንደሚመለሱ ግን አላለም። ቀኖቹን አንድ በአንድ እንዳርምም አደራ ብሏል። አንድ በአንድ! በጅምላ የገባ ስህተት በጅምላ አይወጣም፤ የወሩ ልዩነት አንድ ዓይነት አይደለማ።

ካፌ ነገርኳቸው። ጋሽ ፈለቀ ጉዳዩን ወደ ወረዳ እንውሰደው አሉ። የቱ ወረዳ አልኳቸው። አሰቡና ማኪያቶ ጨመሩ።

ጋሼ ለእትዬ ዘይነባ እስካሁን አልደወሉም። ስልኩን ያነሱታል፣ ያስቀምጡታል። እኔም አልቀለድኩባቸውም። አንዴ ብቻ።

እሁድ

እትዬ ዘይነባ መጡ። ከገላን ድረስ፣ ታክሲ እየቀያየሩ። እጃቸው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ፤ ሲፈቱት ባዶ የፎቶ ፍሬም ነው። መስተዋቱን ወልውለው ነው ያመጡት።

ጋሼ ፍሬሙን ሲያዩ ወሬ ጀመሩ። ገላን ነፋሱ እንዴት ነው፣ አፈሩ ምን ዓይነት ነው፣ ውኃው በየት በኩል ይወርዳል። ሴትየዋ ፈተና የተቀመጡ ይመስል በትዕግሥት ይመልሳሉ። እኔ ጥግ ይዤ ገጹን ደጋግሜ እከፍታለሁ። ባዶ። ባዶ። ጋሼ ወደ አፈሩ ተመለሱ። ባዶ። እትዬ ዘይነባ በመጨረሻ “ፎቶው ታትሟል ወይ?” አሉ። ጋሼ ውኃው በየት በኩል እንደሚወርድ እንደገና ጠየቁ።

እንደገና ከፈትኩት። አረንጓዴው በር ነው መጀመሪያ የመጣው።

ከማንም በፊት የሸምሱን ፎቶ ስልኬ ላይ አወረድኩ፤ ለወንድሜም ላክሁት፣ ለእማዬም። ከዚያ ላፕቶፑን ለእትዬ ዘይነባ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ብዙ ጊዜ አዩት። በነጠላቸው ጫፍ ስክሪኑን ነካ አደረጉ። እኔ ዝም ማለት ስለማልችል፣ ፎቶ አታንሱኝ እያሉ ነው አይደል አልኳቸው።

ሳቁ። እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነስተው ሻይ ላምጣ አሉ። ጋሼ በሕይወታቸው ሻይ አምጥተው አያውቁም።

“አይደለም፣ ልጄ፣” አሉ እትዬ ዘይነባ። “‘መኮንን፣ ከኋላህ ቱቦ!’ እያለ ነው። እኔ ሱቁ ውስጥ ነበርኩ።”

ጋሼ ገቡ እንዴ አልኩ።

“እስከ ጉልበታቸው ነዋ! ሸምሱ ነው ጎትቶ ያወጣቸው። ለማንም እንዳንናገር አስምለውን ነበር። እሱ ቃሉን እንደጠበቀ ሞተ፣ አላህ ይዘንለት፣ ይኸው እኔ አፈረስኩት።”

በሩ ላይ የቆሙትን ጋሼን አየኋቸው። ጉልበታቸውን እያሻሹ ነበር። ኳስ! ያ ሁሉ ጎል!

እትዬ ዘይነባ እንደገና ወደ ፎቶው አጎነበሱ። ሳቃቸው አለቀ። የተዘረጋውን እጅ በጣታቸው አሳዩኝ።

“ይሄ እጅ ሰው ከልክሎ አያውቅም፣” አሉ።

ፎቶ ቤቱ ከቅዳሴ በኋላ ይከፍታል፤ ሮጬ ሄጄ አሳተምኩ። ፍሬሙ ልክ ገጠመ። ጋሼ ፍሬሙን ተሸክመው እስከ ታክሲው ድረስ ሸኟቸው፤ ቱቦ ይኖር እንደሆን እያየሁ ከኋላ ተከተልኳቸው።

ከሰዓት ማረም ጀመርኩ። በመጀመሪያ የሸምሱን። ቀኑን ካስተካከልኩ በኋላ መግለጫውን አጥፍቼ “ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸው ደጃፍ፤ ወዳጃቸውን ከክፍት ቱቦ ሲያስጠነቅቁ” ብዬ ጻፍኩ።

የሰማዩ ተራ ሲደርስ ጋሼ ከኋላዬ ቆሙ። ያቺን እንኳ ተይልኝ አሉኝ፣ በጣም በትሕትና። እሺ አልኳቸው። “ሰማይ፣ ፒያሳ” እንዳለ አለ። ቀኑን ብቻ ነው ያረምኩት።

ማኅደሩ ግን ፎቶዎቹን በተነሱበት ሰዓት ነው የሚደረድራቸው፤ የሸምሱ ፎቶና ሰማዩ ጎን ለጎን ናቸው። አይቶ የሚገባው ይግባው።