አረማመዴን ያላየው ወንድሜ

ሰኞ፣ ጥር 5፤ ጠዋት 2፡30

ኪኒኔን ከዋጥሁ ግማሽ ሰዓት ሆነኝ። እግሬ የሚታዘዘኝ አሁን ነው። ባለቤቴ ታንጉት እግሬን እያነሣሁ እንድራመድ ከአልጋው እስከ በሩ ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር አግድም መስመሮች አስምራልኛለች። መስመሮቹን እየተሻገርሁ ሄድሁ፣ ተመለስሁ። አራት ጊዜ። በሩ ላይ እንደ ሁልጊዜው ተተከልሁ። ዳንግላ ላይ ዕድሜ ልኬን ስፖርት ያስተማርሁ ሰው፣ ማስታወሻዬ ሆይ፣ የገዛ ደጄን መሻገር አቃተኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሳቁ ጠፋብኝ።

ታናሽ ወንድሜ ፈንታ ከሚኖርባት ከተማ ከግምጃ ቤት ደወለ። ለጥምቀት ና ይላል። ጉንፋን ይዞኛል አልሁት። ለገናም ያልሁት ይህንኑ ነው። ስንገዳገድ እንዲያየኝ አልፈልግም። ልጅ ሆነን ከኋላዬ እየሮጠ ቆየኝ፣ ቆየኝ የሚለኝ እሱ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ሆስፒታል ዋልሁ። ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ሰብለ የድሮ ተማሪዬ ናት። ተረከዝ ይቅደም፣ አለችኝ። ርምጃ ሰፋ ይበል። ወደ መሬት አይታይ። እግር ሲተከል ከመታገል ቆም ብሎ መተንፈስ፣ ከዚያ አንድ ነገር እንደሚሻገሩ አድርጎ ማንሳት። ታዘዝሁ። ፊሽካው ዛሬ በእሷ እጅ ነው።

መቼ እንደምድን ጠየቅኋት።  ልምምዱ ፓርኪንሰንን እንደማያጠፋው፣ ርምጃዬን እንደሚያቆይልኝ፣ ከመውደቅም እንደሚጠብቀኝ ነገረችኝ። አብራኝ የመጣችው ታንጉት ቀና ብላ አላየችኝም። ታውቅ ኖሯል።

ዓርብ፣ ጥር 9

ፈንታ ሞተ። ድንች ማሳው ውስጥ። ልቡ ነው አሉ።

መጻፍ አልቻልሁም።

እሑድ፣ ጥር 11፤ ጥምቀት

ትናንት ቀበርነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ጠባብ ነው። እዚያ ላይ ተተከልሁ። ከኋላዬ አስከሬኑ። ተሸካሚዎቹ ቆሙ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ቆመ። አንዱ ሰክሯል እንዴ ሲል ሰማሁ። የወንድሜን መንገድ ዘግቼ ቆሜያለሁ፣ እግሬ ግን ወይ ፍንክች። ታንጉት ፊቴ መጥታ የራሷን እግር ከእግሬ ፊት አጋደመች። በቋንቋችን በአውኚ፣ በቀስታ፣ ተሻገረው አለችኝ። ተሻገርሁ። አስከሬኑም አለፈ።

ከቀብር መልስ የፈንታ ሚስት አይናዲስ አጠገቤ ተቀመጠች። እግሬን አየችው። እጄን፣ የሚንቀጠቀጠውን፣ አየችው።

“ጉንፋን ነው ብለኸው ነበር እኮ” አለችኝ።



ረቡዕ፣ ጥር 14፤ ከሰዓት

ፈንታ ከሞተ ወዲህ ልምምድ አልሠራሁም ነበር። ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ ሠራሁ። ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አሁን አወቅሁ።

እህታችን ሙሉ የምትኖረው ጫግኒ ከተማ ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ ስለተኛች ለቀብሩ አልመጣችም። ደወልሁላት። የበሽታዬን ስም ነገርኋት። አረማመዴ እንደ ድሮው አይደለም፣ ስታዪኝ እንዳትደነግጪ አልኋት። አለቀሰች። እኔም።

ታንጉት ልብስ እያጣጠፈች ነው። ነገ ጠዋት ኪኒኔን ውጬ ሙሉ ጋ ጫግኒ እንሄዳለን። ከመናኸሪያው እስከ ደጇ ባጃጅ አለ። ከደጇ እስከ አልጋዋ ግን በእግሬ ነው የምሄደው። እያየችኝ።