ስለ መጣው መብራትና ስለ ሄደው ወፍጮ

ኅዳር ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ የመብራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ንግግርዎ የረዘመ፣ ሰላምዎ እንደ ቆረጡት ሪባን ያማረ ይሁን። እኔ ከሞላሌ በታች ባለችው መንደራችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ወሬ ላርም። በስብሰባ ላይ፣ መብራቱ የተቋረጠው አንዲት አሮጊት ሽቦው ላይ ሱፍ ስላሰጣች ነው መባሉን ሰምቻለሁ። አሮጊቷ እኔ ነኝ፤ ሱፉም የበጎቼ ነው። ነገር ግን ያሰጣሁት ምሰሶውን ደግፎ በያዘው ገመድ ላይ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ምሰሶ አልወጣም። ደግሞም ያልመጣ ነገር አይቋረጥም። በሚያዝያ፣ ምርጫው ሲቃረብ፣ በምርቃቱ ዕለት የበራችው አምፖል ከድንኳኑ ጀርባ በሸራ ከተሸፈነ ጄኔሬተር የተቀጠለች እንደነበረች ሁላችንም አይተናል፤ እርስዎ ሲናገሩ ሸራው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጄኔሬተሩም ከእርስዎ ጋር በዚያው መኪና ተመለሰ።

አቤት የሚል ሁሉ ፀረ ልማት ስለሚባል አቤቱታ አላቀርብም፤ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለወፍጮው ወልደ ጻድቅ የናፍጣ ሞተሩን ካላነሣ መስመር እንደማይገባለት አስጠንቅቀው ከኋላቀርነት ስላወጡን እናመሰግናለን። አሮጌውን ሞተር ወንዝ ማዶ ላሉት ለአቶ ምንይሉ ሸጦ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተከለ። አዲሱ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም፤ እጅግ ጨዋ ሞተር ነው።

፪. የተረሳውን የድንጋይ ወፍጮ ለሴቶቻችን ስለመለሱልን እናመሰግናለን። ጎረቤቴ ኮከቤ ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ስትሆን፣ ለአራስነቷ የሚሆነውን የገንፎ ገብስ ራሷ ትፈጫለች። ትናንት ወፍጮው ሥር ተዝለፍልፋ ወድቃ አነሣናት። ይህንን በሪፖርትዎ የሴቶች ተሳትፎ በሚለው ርዕስ ሥር ሊያስገቡት ይችላሉ።

፫. ስለ ምሰሶዎቹም እናመሰግናለን። እንደሚያውቁት ኩበቱን ስለምናነደው የገብስ ማሳችን ፍግ አጥቶ ከስቷል። ምሰሶዎቹ ደረቅ ባሕር ዛፍ ናቸውና ፈልጠን እንድናነዳቸው ቢፈቅዱልን፣ ያን ጊዜ መሥሪያ ቤትዎ በእርግጥ ኃይል አቅርቦልናል ብዬ በእጄ እፈርማለሁ።

ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ቤትዎም መብራት እንዳይጠፋበት ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ጌታነሽ ወዳጆ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደግሞ ሌላ እንዳይወራብኝ፣ ነገ የማደርገውን ራሴ ልንገርዎ። መጀመሪያ ኮከቤ የጀመረችውን ገብስ ፈጭቼ እጨርሳለሁ። ቀጥዬ ሬሳ የምንሸከምበትን ቃሬዛ ከእድሩ እዋሳለሁ። ከዚያ እኛ ሴቶች አንዳንድ በግ እየነዳን፣ ጎልማሶቹን አስከትለን ወንዙን እንሻገራለን፤ አቶ ምንይሉ አሮጌውን ሞተር በበግ ሊለውጡልን ተስማምተዋል። በቃሬዛ ተሸክመን አምጥተን በቦታው እንተክለዋለን። ሞተሩ ክፉኛ ስለሚጮኽ፣ በዚያ ሰሞን ንግግር ለማድረግ ባይመጡ ይሻላል፤ ማንም አይሰማዎትም።