የዱጋሳ መኪና ለምን ትንፋሽ አጠራት

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብዎ ይብዛልዎ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን የሚጠዘጥዝዎ ነገር ተሻለዎ ወይ? ጆሮዎስ? ባለፈው በስልክ ጮኼ ጮኼ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰምቶኝ እርስዎ ብቻ ሳይሰሙኝ ቀሩ። እማዬስ ደህና ናት? ስኳሯን ትከታተላለች ወይስ እንደ ልማዷ «እኔ ምን ሆንኩ» እያለች ሻይዋን ታጣፍጣለች?

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዳማ ዘንድሮ ጥቅምት መግባቱን የነገራት ያለ አይመስልም፤ ሙቀቷ እንዳለ ነው። ነፋሱም አልቀረም፣ አቧራውን ከየሜዳው እየሰበሰበ ጋራዡ ውስጥ ይደፋዋል። እህቴ ሃዊም ደህና ናት፤ ላቦራቶሪ ሥራዋ ላይ ናት፣ አሁንም ከእኔው ጋር ነው የምትኖረው።

«ስለዚያ ሰው በስልክ አትንገረኝ፣ ተረጋግተህ ጻፍልኝ» ብለውኝ ስለነበር ይኸው ጽፌያለሁ። ፊደል ከገደፍኩ በቀይ እስክርቢቶ አርመው እንዳይመልሱልኝ አደራ፤ ጡረታ ወጥተዋል እኮ! የዱጋሳ ሽማግሌዎች ሃዊን ሊጠይቁ የፊታችን እሑድ ኩየራ ይደርሳሉ። ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ እንደማይሆን ነግሬያቸው ተስማምተዋል። እርስዎ ከዚያ በፊት የሚመጣውን ሰው ማንነት ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ሃዊ ደግሞ ያለ አባዬ ምርቃት ከቤት አልወጣም ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። እንግዲህ ይህ ደብዳቤ እንደዋዛ የሚጻፍ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ዱጋሳ መጀመሪያ ደስ አላለኝም። ዓለም ጤና ላይ በመስኖ ሽንኩርት የሚያመርት ሰው ነው። ሽንኩርቱ እኛን ገና ሳንከትፈው በዋጋው ሲያስለቅሰን፣ እሱ አዲስ ቀይ የስፖርት መኪና አስመጣበት። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከመሬት የተጣበቀች፣ የእኛ ሰፈር ጉድጓድ ሆዷን የሚፍቃት መኪና ናት። ሲያስነሣት ውሻ ሁሉ ይጮኻል። «አንቺን የሚወስድሽ ይሄ ጉረኛ ነው?» ብዬ ሃዊን ጠይቄያት ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች።

ሰኞ ዕለት ራሱ መኪናዋን ይዞ ጋራዥ መጣ። ኃይሏ ደክሞብኛል፣ እስቲ የሱፐርቻርጀሩን ግፊት ለካልኝ አለኝ። እርስዎ ነገሩን ከሥሩ ካልተረዱ እንቅልፍ አይወስድዎምና ላስረዳ። ሞተር የሚኖረው በቤንዚንና በአየር ነው። ሱፐርቻርጀር ማለት በሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ በችንጋው፣ የሚዞር አየር ገፊ ነው፤ ሞተሩ በራሱ ከሚስበው በላይ አየር ይግተዋል፣ ድሮ እናቶች ልጅ ጭናቸው ላይ አስተኝተው እንደሚግቱት። የሚጋተው አየር ግፊት በጌጅ ይለካል። ከመኪናዋ ጋር የመጣው መጽሐፍ አሥራ አንድ መድረስ አለበት ይላል። የዱጋሳ መኪና የምታሳየው ስድስት ነው። እሱም አስመጪው አሮጌ ዕቃ ገጥሞ ሸጦልኛል ብሎ ሊከሰው ተነሥቷል።

እኔ በልቤ «ጎሽ!» አልኩ። መኪናው የታመመችበት ሰው ጠባዩን መደበቂያ ጊዜ የለውም፤ ይህን በሥራዬ ብዙ ዐይቻለሁ። ጨዋ የተባለው ሲሳደብ፣ ለጋስ የተባለው በአንድ ብሎን ሲጨቃጨቅ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ነው ያየሁት። ለእርስዎ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሰው ቤት መሄድ ቀረልኝ፣ መልሱ በእግሩ መጣ።

የራሴን ጌጅ በቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ጋር አገናኝቼ ሁለታችን ወጣን። ይህ ነገር ቆሞ አይለካም፤ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ነዳጁን እስከ መጨረሻው መርገጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ከሞጆ ወደ መቂ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ ያዝን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ጌጁን ጭኔ ላይ አድርጌ አነባለሁ። ርገጥ ስለው ይረግጣል፣ በቃ ስለው ይለቃል። ከተፈቀደው ፍጥነት ግን አንዴም አላለፈም። መንገዱ ባዶ ነው፣ ትንሽ ጨምር እንጂ ስለው፣ ለመለካት ይህ አይበቃህም ወይ አለኝ። ይበቃኝ ነበር። እንዲያ ያልኩት ልፈትነው ነው።

የእኔም ጌጅ ስድስት አለ። ያን ጊዜ ነገሩን በዝርዝር ነገርኩት። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚነዳ ሰው ነው። የእኛ አገር ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ እዚያ አሥራ አንድ የምትሞላ መኪና አዳማ ላይ ዘጠኝ ከደረሰች ጤነኛ ናት። «ሁለቱን የወሰደችብህ አገርህ ናት፣ እሷን ደግሞ መክሰስ አትችልም» አልኩት። ሳቀና ሦስቱንስ ማን ወሰደው አለኝ። እሱን ለማወቅ ጋራዥ ተመልሰን ኮፈኑን ከፈትን።

ችንጋው አዲስ ነው፣ አልላላም። ቱቦዎቹን አየር ሞልቼ መጋጠሚያቸውን በሳሙና ውኃ ቀባሁ፤ አረፋ የሚያወጣ የለም። ከዚያ የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ፈታሁ። አባዬ፣ ውስጡን ቢያዩት ጉድ ይሉ ነበር! በክር የታሰረ አንድ እፍኝ የደረቀ ሳር ማጣሪያው ላይ ተለጥፏል። ማጣሪያው ራሱ ቅቤ ጠጥቷል፤ በቅቤው ላይ የዓለም ጤና አቧራ ተጋግሮ እንደ ምርጊት ደርቋል። ይህን ሁሉ ታቅፋ ስድስት መድረሷም ጉብዝና ነው።

ወዲያው ምን እንደሆነ ገባኝ፤ የእርስዎም ፊት ድቅን አለብኝ። ለምለም ሳርና ቅቤ ሲባል እርስዎ «ባዕድ አምልኮ ነው» የሚሉትን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ጎረቤት በሬ ገዝቶ ቀንዱን ቅቤ ሲቀባ እኛን ሰብስበው ወደ ቤት ያስገቡን ነበር። ይህን ሳር አባዬ ከሰሙ የሃዊ ነገር አበቃለት አልኩ። እህቴ አሳዘነችኝ። ስለዚህ ዐይኑን ሳላይ «ወፍ ጎጆ ልትሠራበት ሞክራ ይሆናል» አልኩት። ማምለጫ ነበር የሰጠሁት፤ ሰውየው ሞኝ አይደለም፣ ገብቶታል። ሠራተኞቹም ቆመው ይሰማሉ። ዱጋሳ ሳሩን ከእጄ ተቀብሎ አገላብጦ አየና «ወፍ አይደለችም፣ እናቴ ናት» አለኝ።

እናቱ አዴ አረጋሽ ይባላሉ። መኪናዋ የመጣች ዕለት ከመስኖው ዳር ለምለም ሳር አጭደው፣ ቅቤ አስነክተው፣ «ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግባ» ብለው መርቀው ከፊት በኩል ባለው ክፍተት ሰክተውታል። ያ ክፍተት የመኪናዋ አፍንጫ መሆኑን ማን ይንገራቸው? እሳቸው ጌጥ መስሏቸዋል፤ ሞተሩ ደግሞ ሲነሣ ከነቅቤው ሳበው። እኔ አልፈረድኩባቸውም። በመኪና አደጋ የሞተ የታላቅ ልጃቸውን አስከሬን ከዚሁ ከሞጆ መንገድ ተቀብለው የቀበሩ እናት ናቸው።

እዚያው ቆሞ ደወለላቸው። ይቆጣቸዋል ብዬ ነበር። ሰው ሊከስበት የነበረው ጥፋት የገዛ እናቱ እጅ ሆኖ ሲገኝ፣ ያውም ሠራተኛ ሁሉ አፉን ይዞ እየሳቀ፣ ሌላው ቢሆን ጣራውን ያነሣው ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ በኦሮምኛ ነገራቸው፤ ሳሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን እንዳፈነው፣ ኃይሏንም እንደቀነሰው። ስልኩ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ሁላችንም ሰማን። እሳቸው፣ ታዲያ እስከ ዛሬ በዝግታ ነበር የምትሄደው ወይ ብለው ጠየቁት። አዎ አላቸው። «እንግዲያው ሠርቷል! እኔስ የለመንኩት ምን ነበር?» አሉት። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ዱጋሳም እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሣጥኑን አጥቤ ማጣሪያውን ቀየርኩና እንደገና ወጥተን ለካን፤ ዘጠኝ ሞላች። እንደተመለስን ለአስመጪው ደውሎ ይቅርታ ጠየቀው፤ ማንም አድርግ አላለውም። ሳሩን ልጥለው ስል ግን ተው አለኝ፣ በፌስታል ጠቅልሎ በመኪናዋ በር ኪስ ውስጥ ከተተው። እርስዎ ቢሆኑ እንደሚጠይቁት አድርጌ፣ በዚህ ነገር ታምንበታለህ ወይ አልኩት። «እኔ የምለምነው እግዚአብሔርን ነው። ይህ ደግሞ የእናቴ እጅ ያሰረው ነው፣ ቆሻሻ ላይ አይጣልም» አለኝ። ቀጥሎም ለአባትህ እንደምትጽፍ ሃዊ ነግራኛለች፣ እንዳየኸው ጻፍ፣ እሑድ እናቴም ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለምትመጣ ተደብቆ የሚቀር ነገር የለም አለኝ።

ቤት ገብቼ ለሃዊ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ለአባዬ ወፍ ነው ብለህ ጻፍ፣ ምን ትጎዳለህ?» አለችኝ። እንቢ አልኳት። አባዬ በዚህ ሳር ሰበብ እንቢ ካሉ ወንድም አልልህም ብላ በሩን በላዬ ላይ ዘጋችው። ይኸው ሁለት ቀናችን፣ እራቴን ታቀርብልኛለች፣ ቃል ግን አይወጣትም። እኔ ኩርፊያ እንደማልችል እርስዎ ያውቃሉ። ከብዶኛል አባዬ። መኪና ብትሆን ፈትቼ ምን እንደሆነች አውቅ ነበር።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ ሰውየው እንከን የለውም አልልም። ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥ እንኳ አያወልቅም፤ ስለ ሽንኩርት ማውራት ከጀመረ ደግሞ ማቆሚያ የለውም፣ ችግኝ ሲተክል ጀምሮ ገበያ እስኪያደርስ ይተርክልዎታል። ግን ውሸት ተሰናድቶ ሲቀርብለት አልቀመሰውም፤ ያ ውሸት ሃዊን እንደሚያስገኝለት እያወቀ። ለእህቴ ባል ምረጥ ብባል ከዚህ የተሻለ የት እንደማገኝ አላውቅም። የሃይማኖቱን ነገር እርስዎ ያውቃሉ፣ እኔ እርስዎን ላስተምር አልቃጣም። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። እንቢ የሚሉም ከሆነ በሚሰማው ጆሮዎ በኩል አስቀምጠው፣ ጠይቀውት፣ ከአፉ ሰምተው ይበሉ እንጂ በእኔ ደብዳቤ ብቻ አይፍረዱበት። አዴ አረጋሽም በእጃቸው ሳር ይዘው ከመጡ ደጅ አያስቁሟቸው፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ መንገዱም ለእሳቸው ቀላል መንገድ አይደለም።

እማዬን እቅፍ አድርገው ይሳሙልኝ፤ ስኳሩን ቀንሺ ብሏል ይበሏት፣ ባትሰማም ይበሏት። ወንድሜ ጋሮምሳ ለሞተር ሳይክሉ የጠየቀኝን ካንዴላ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬለታለሁ፤ ሲያስገባ እንደ ባለፈው በጉልበት እንዳያጠብቀው። ባለቤቱን ሚልካን እንኳን በሰላም ተገላገልሽ ይበሉልኝ፤ ልጇ እኔን ካልመሰለ ዕድለኛ ነው። ጎረቤታችንን ጋሽ ኦሊቃን ሰላም ይበሉልኝ፤ እሑድ ከአጠገብዎ ቢቀመጡ ጥሩ ይመስለኛል፣ እሳቸው ሲስቁ እርስዎም መሳቅዎ አይቀርም። የዘላለም አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ደብዳቤውን ነገ በማለዳ ለሻሸመኔ ሚኒባስ ሹፌር እሰጠዋለሁ።

ልጅዎ ያቤጽ

አዳማ፣ መብራት ኃይል ሰፈር
ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባዬ፣ ሃዊ ነኝ። ያቤጽ ፖስታውን ሳያሽገው አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝና ወጣ። ልቀድደው ነበር፤ አንብቤው ተውኩት። ወፍ ነው በል ያልኩት እኔ ነኝ። ዱጋሳ ያልዋሸዎትን እኔ ልጅዎ ልዋሽዎት ነበር፣ አፍሬያለሁ። ዓርብ ሳይመሽ እቤት እደርሳለሁ። እሑድ እናቱ በእጃቸው ምንም ይዘው ይምጡ፣ በሩን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እርስዎ ይናገሩ፤ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።