ከአበልጄ ግቢ የመጣ ውሃ

እሑድ፣ ግንቦት 3

ዛሬም ቁልቁለቱን ስንለካ ዋልን። ውሃ የሞላ ግልጽ ቱቦ፣ አንዱ ጫፍ እኔ ጋ፣ ሌላው ጋሼ ሙላት ጋ። ከላይኛው አጥር እስከ ታችኛው ያለው ልዩነት ከእኔ ቁመት ይበልጣል። የማሠራው ንጣፍ ከበረንዳው ጎን ያርፋል፣ ጥርብ ድንጋይ። ጫፉ ላይ ቦይ፤ ከቦዩ ወደ መንገድ።

ይህ ሁሉ ለጌታሁን ነው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ባለቤቴ ከበረንዳው ወርዶ አያውቅም። ተሽከርካሪው ወንበር ጭቃ ላይ አይሄድም። ክረምቱ ሳይገባ መጨረስ አለብኝ።

ከንጣፉ በላይም ሁለተኛ ቦይ አስቤ ነበር። አያስፈልግም አሉ ጋሼ ሙላት፤ ከላይ ካለው ከእሳቸው ግቢ ጠብታ አይወርድም፣ ውሃቸው ሁሉ ወደ መንገድ ነው። አናጢም ግንበኛም ናቸው፣ የልጄን ክርስትና ያነሡ አበልጄ ናቸው። እኔ የሒሳብ አስተማሪ። ቦዩን ሰረዝኩት። ጌታሁን በረንዳው ላይ ሆኖ ያዳምጥ ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

አለቀ! ወንበሩን ቀስ አድርጌ ገፋሁት፣ ወረደ። ጌታሁን ድንጋዩን በጤነኛ እግሩ መታ መታ አደረገው። ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያው። የተከልኩትን ቆስጣ እንዲህ ቀርቦ ካየው ስንት ጊዜው። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል። ሌላ የምጽፈው የለም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ንጣፉ አይታይም፣ ጭቃ ብቻ። ከሥሩ ያለው አሸዋ ታጥቦ ሄዷል። ድንጋዮቹ ተንጋደዋል።

ውሃው የመጣበትን ተከትዬ ወጣሁ። ላይኛው አጥር ጋ፣ ከግራዋው ጀርባ፣ የግንቡ ሥር ተበስቶ ቱቦ ወጥቷል። ወደ እኛ። በዙሪያው የተለሰነው ሲሚንቶ አዲስ ነው።

ጫማዬን ሳላወልቅ ቤት ገባሁ። ጌታሁን ፊቴን አይቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ለምን እንደዞረ አልገባኝም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ወደ ሙላት ሄጄ ጠየቅሁ። አልካደም። (ይቅርታ፣ ማስታወሻዬ፣ ዛሬ "አሉ" ብዬ መጻፍ አልቻልኩም።) የሚከራዩ ክፍሎች ሲሠራ የድሮውን ቦይ ደፍኖታል፣ ውሃው መሄጃ አጣ። ቱቦውን የቀበረው እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው፣ ቁልቁለቱን ከመለካታችን በፊት። ያን ቱቦ ቀብሮ ነው እጄን ይዞ ያስለካኝ። ሁለተኛውን ቦይ ብቆፍር ቱቦው ላይ እደርስ ነበር።

ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ለጌታሁን እኮ ነግሬዋለሁ፤ አንቺም የምታውቂ መስሎኝ" አለኝ።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21፣ ጠዋት

አውቅ ነበር አለኝ ጌታሁን። ቃሉ ስለሚዘገይ ለመጨረስ ብዙ ወሰደበት፣ እኔም አላገዝኩትም። ሙላት ዝም በል ብሎታል፣ ክረምት ሳይገባ አስተካክለዋለሁ ብሎታል። መሥሪያ ቤት አብረውት የነበሩት መጠየቅ ትተዋል። ሙላት ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ ጢሙን ይላጨዋል፣ እንደ ድሮው ይሳደቡና ይስቃሉ።

"እሱም ከቀረ ማን ይመጣል?" አለኝ።

እኔ የማጥበው፣ የማለብሰው፣ ድንጋይ ያስነጠፍኩለት ሰው። በየትኛው እንደተቃጠልኩ መለየት አቃተኝ፣ በቱቦው ነው ወይስ በዝምታው። እናደዳለሁ፣ ከዚያ አዝንለታለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እናደዳለሁ። ስለካ እያየኝ ነበር እኮ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23፣ አራት ሰዓት

ወሰንኩ። ሰኞ ንጣፉ ይነሣል። ከላይ ቦይ፣ እስከ ጉልበት ጥልቀት፣ ከግራዋው ጀምሮ እስከ መንገዱ። አሸዋውም እንደገና። ቱቦው ይደፈን፣ ውሃውን ሙላት በራሱ ግቢ ያውጣው። ይህን የሚነግረው ግን እኔ አይደለሁም። ትናንት ለጌታሁን ነገርኩት፤ ንገረው፣ በራስህ አፍ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ከሆነ ይምጣ፣ በሩን አልዘጋበትም።

ሙላት አሁን መጥቷል። ሰላምታዬን አሳጠርኩት፣ ውሃ አሙቄ ሰጠሁት። ሁለቱም በረንዳው ላይ ናቸው፤ እኔ ጓዳ ሆኜ እጽፋለሁ። የምላጩ ድምፅ ቆመ። ጌታሁን ጀመረ፤ "ቱ... ቱቦው" አለ። ተያዘበት። ልረዳው ተነሣሁ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ራሱ ይጨርሰው።