በሁለት ስም ባንክ ቤት

የካቲት 5 ቀን 1971፣ ሰኞ። ካርቱም

ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ውሃው ትኩስ፣ ፀሐዩ ትኩስ፣ የቤቱ እመቤት ምላስ ከሁለቱም የባሰ። «ይህ አንሶላ ነጭ ነው?» ትለኛለች። ነጭ ነው። አቧራው ነው የሚያቀላው፣ ምን ላድርግ...

መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኜ የስንቱን ቁስል ያጠብኩ ሴት የሰው አንሶላ ላጥብ? እንግዲህ ሆነ። ባሌን ንጉሡን ገድለው እኛንም ሲፈልጉን ነው ከእናቱ ጋር በመተማ የወጣነው። ዓመት አለፈን። ባል የሌለበት አማትና ምራት፣ ዴም ሰፈር፣ አንድ ክፍል ውስጥ።

አማቴ እማማ በለጡ ዛሬም በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። «አልታየች፣ እጅሽን አሳይኝ» አሉ። አሳየሁ። ቅባት አምጥተው ቀቡልኝ።

የካቲት 6፣ ማክሰኞ

ሆስፒታሉ ተቀበለኝ!

የምስክር ወረቀቴን ሳሳያት ዋና ነርሷ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። አንድ በሽተኛ አመጣችና መርፌ አስያዘችኝ። ሰውየው ከወጋሁት በኋላ «መቼ ነው የምትወጊኝ?» አለ። ሳቀች። አለቀ።

አንድ ነገር ብቻ። ደሞዝ በእጅ አይሰጡም፤ በባንክ ነው። የፈረንጆቹ መጋቢት ሳይገባ ሒሳብ ከፍተሽ ነይ፣ አለዚያ ቦታውን የምትጠብቅ ሌላ ሴት አለች አለችኝ። ይኸ ምን አለው? ባንክ ገንዘብ ሲያመጡለት እምቢ ይላል እንዴ...

የካቲት 8፣ ሐሙስ

ይላል።

የባንኩ ጸሐፊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። በአንድ እጁ የስደተኛ መታወቂያዬን፣ በሌላው የሆስፒታሉን ደብዳቤ ያዘ። መታወቂያው «አልታየች መለሰ»። ደብዳቤው «ሐረግ መለሰ»።

«ሌላዋ የት አለች?» አለኝ።

«ሁለቱም እኔ ነኝ።»

«አንቺማ አንድ ነሽ» አለ። እሱስ እውነቱን ነው።

በተሰባበረ ዐረብኛዬ እንዴት ብዬ ላስረዳው? በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ስም ያወጡላታል። ከዚያ በኋላ የአባቷ ቤት ስም አባቷ ቤት ይቀራል። ባሌ አገር ወግዲ ውስጥ ሐረግ ብሎ የሚያውቀኝ አልነበረም። ገዳሪፍ ላይ ስደተኛ መዝጋቢው ስሜን ሲጠይቀኝ ደግሞ እማማ አጠገቤ ቆመዋል። እሳቸው ያወጡልኝን ስም ትቼ፣ ፊታቸው ቆሜ ሌላ ልጥራ? ልጃቸው በሞተ በወሩ? አልታየች አልኩ። ሐረግ የሚለው የምስክር ወረቀቴ ጉያዬ ውስጥ ነበር፤ ማን አስታወሰው...

መታወቂያ ማስለወጥ ወራት ይፈጃል። ደብዳቤውን በአልታየች ጻፉልኝ እንዳልል፣ የተማረችው ሐረግ ናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም። አንድ መንገድ ነገረኝ። የባንኩ ደንበኛ የሆነ፣ በሁለቱም ስሜ የሚያውቀኝ ሰው መጥቶ ይፈርም። ዋስ ማለቱ ነው። ዋስማ እናውቃለን።

የካቲት 10፣ ቅዳሜ

ጀብሪል ዘንድ ሄድኩ። የወረኢሉ ሰው ነው፣ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል፣ የዚያው ባንክ ደንበኛ። ድሮ ወግዲ ከብት ሊገዛ ሲመጣ እማማ ቤት ነበር የሚያድረው። ሻይ አዘዘልኝ። የእማማን ጤና ጠየቀኝ። ጉዳዬን ስነግረው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አልታየችን አውቃለሁ። ሐረግ የሚባል ስም ግን ዛሬ ነው የሰማሁ።»

«አንድ ፊርማ እኮ ናት፣ ወንድሜ።»

«በማላውቀው ነገር ወላሂ ልበል? አላደርገውም፣ እህቴ። አብሽሪ፣ አላህ ሌላ በር አያጣም።»

በር አልፈለግሁም፤ ፊርማ ነው የፈለግሁ። ተናድጄ ወጣሁ። ሻዩንም አልጨረስኩለት።

የካቲት 11፣ እሑድ

ጀብሪልን ተቀይሜዋለሁ። ጀብሪል ልክ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

የካቲት 14፣ ረቡዕ

ለእማማ ነገርኳቸው። ቀኑ እየገፋ ነው፣ እስከ መቼ ልደብቅ?

ምስር እየለቀሙ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«ሐረግ ልትሆኝ ነው?»

«ለሥራው ነው፣ እማማ።»

«ባሏ የሞተባት ሴት የድሮ ስሟን ስታነሳ ሣጥኗንም ታነሳለች። ስንቷን አይቻለሁ።»

ወዴት ልሄድ? አባቴ የለ፣ የአባቴ ቤት የለ። ይኸን ያውቃሉ። የፈሩት ሌላ ነው። ልጃቸውን ወሰዱባቸው፤ የቀረኋቸው እኔ ነኝ፤ ከእሳቸው ጋር የምያያዘውም በዚያች ስም ነው። እኔም ፈራሁ። ሥራውን ብተወው አንሶላ ሳጥብ ላረጅ ነው። ብይዘው ደግሞ እሳቸው ይቀየሙኛል...

እራት አልበሉም። እኔም አልበላሁ።

የካቲት 15፣ ሐሙስ

ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ቁም ነገር ሊናገሩ ሲሉ እንዲህ ናቸው።

«ሐረግ መሆንሽን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?» አሉ። «በረሃቡ ዓመት መካነ ሰላም መጠለያው ውስጥ ወድቄ፣ ወተት በማንኪያ ያጠጣችኝ ልጅ ስሟ ሐረግ ነበር። ሐረግ፣ ሐረግ እያልሁ ነው ነፍሴ የተመለሰች። ለልጄ ያመጣሁሽ፣ አልታየች ያልሁሽ ኋላ ነው። እኔ እመሰክራለሁ።»

«አንቱ እኮ የባንኩ ደንበኛ አይደሉም።»

«ደንበኛ እንዴት ነው የሚኮን?»

«ሒሳብ ሲከፍቱ።»

«እከፍታለኋ።»

«ለአንቱስ ማን ይመሰክራል?»

«ጀብሪል ነዋ። በለጡን ከጥንት ጀምሮ ያውቃታል። መታወቂያዬም በለጡ ነው የሚል።» እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ሰደዱ። «በለጡ ያሉኝ አማቴ ናቸው። የአባቴ ቤት ስሜን የሚያውቅ ሰው እንኳ ዛሬ በሕይወት የለም። አንችስ አይቅርብሽ።»

አለቀስኩ። እሳቸው መቀነታቸውን እየፈቱ ነበር፤ አላዩኝም። ወይም አይተው ተዉኝ።

የካቲት 17፣ ቅዳሜ

የዛሬውን አንድም ሳልተው ልጻፈው።

ጀብሪል ሱቁን ዘግቶ መጣ። እማማ ንጹህ ቀሚስ ለብሰው፣ ማተባቸውን አስተካክለው ገቡ። ጣሪያው ላይ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ቀና ብለው አዩና «ይኸ ቢወድቅ ስንቱን ይጨርሳል» አሉ። ጸሐፊው ፊት ተቀመጡ።

ጀብሪል ወላሂ አለ። በለጡን አውቃቸዋለሁ፣ ቤታቸው አድሬያለሁ፣ ሰው ናቸው ብሎ ፈረመ። እማማ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ። ጸሐፊው አንድ ነገር ጠየቀ፤ ጀብሪል እያፈረ ተረጎመ።

«ሞት ቢመጣ ገንዘቡን ማን ይውረስ ይላል።»

የሞተውን ልጃቸውን፣ ንጉሡን ሊጠሩት መሰለኝ።

«ሐረግ መለሰ» አሉ። የአባቴን ስም ጨምረው ሲጠሩኝ ሰምቼ አላውቅም።

የባንክ ደብተራቸውን ተቀበሉ። አልተነሱም።

«አሁን ደንበኛ ነኝ?»

«ነሽ፣ ሐጃ» አለ ጸሐፊው። አሮጊት ሁሉ እዚህ ሐጃ ነው፣ ማተብ ያሰረችም ብትሆን።

«እንግዲያው ለዚህች ልጅ ዋስ ነኝ።»

ቀለሙ ጣታቸው ላይ ገና አልደረቀም። ጸሐፊው ጀብሪልን አየ፣ እኔን አየ፣ ተነስቶ ኃላፊውን ጠራ። ወፍራም፣ ልብሱ የተተኮሰ ሰው መጣ። ደንበኛ ከሆኑ ስንት ጊዜያቸው ነው ብሎ ጠየቀ። አሁን፣ አለው ጸሐፊው። ሰውየው ፊቱን አጨማደደ። እኔም ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «ደንበኛ ይምጣ አላችሁኝ እንጂ የከረመ ደንበኛ ይምጣ አላላችሁኝም» አልኩ። ዐረብኛዬ አንድም ቦታ አልተሰበረም።

ኃላፊው እማማን ጠየቀ። አንዲት ሴት እንዴት ሁለት ስም ይኖራታል?

«አንዱን አባቷ ሰጣት፣ አንዱን እኔ ሰጠኋት» አሉ እማማ። «ሰጭው ነው ሁለት። ልጅቱ አንድ ናት።»

ጀብሪል ተረጎመ። ኃላፊው ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፣ አልቻለም። ማኅተሙን ራሱ መታ። ሐረግ መለሰ። ሒሳቤ። የእኔ።

ወጣን። እግሬ መሬት አልነካ አለኝ። ጀብሪልን ይቅር በለኝ አልኩት፤ «የዚያን ቀን ሻይ ትጠጭልኝና እታረቅሻለሁ» አለ።

«እማማ፣ የትም አልሄድም» አልኳቸው መንገድ ላይ።

«ብትሄጅስ? ወራሼ ነሽ፤ የት ታመልጫለሽ?»

የካቲት 19፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ሥራ ጀመርኩ። ነጭ ጋውን! ትከሻው ላይ ይሰፋኛል። ይስፋኝ።

መጋቢት 29፣ ቅዳሜ

ደሞዜ ባንክ ገብቷል። እማማ በየሳምንቱ እየሄዱ «አለ ወይ?» ብለው የራሳቸውን ይጠይቃሉ። ጸሐፊው ሲያያቸው ብድግ ይላል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ወሬው ተዳርሶ፣ ከደጎሎ የመጡ ሁለት ሴቶች ዋስ ሁኑን ብለው ደጃችን ተቀምጠው አገኘሁ። እማማ ዝም ብለው አይፈርሙም። አብራቸው ሽንኩርት ያልላጠች፣ ያላወራች ሴት ዋስ የላትም። ጀብሪል ነው ያስተማራቸው።

ዛሬ ከገበያ ስንመለስ አንዲት ሴት ከኋላ ጮኸች። «አልታየች!» እታገኘሁ ናት፣ የወግዲ ጎረቤታችን። ከመጣች ሳምንቷ ነው። ከስታለች። አንገቴን አቅፋ፣ አልታየች፣ አልታየች እያለች አለቀሰች።

እማማ እንባዋን በነጠላቸው ጠረጉላት።

«ሐረግ በያት» አሏት። «አልታየች የእኔ ናት፤ ቤት ውስጥ ነው የምጠራት።»

እታገኘሁ ግራ ገብቷት ሁለታችንንም አየች። እማማ ዘንቢሏን ተቀበሏት።

«በይ ነይ ቤት። አንችስ ስንት ስም ይዘሽ ነው የመጣሽ?»